ሻምበል ጅብ የተፈረደበት ወንጀል

ያ ደን ሰፊ ነው፤ ፈጣን እግር ያለው እንኳ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። መካከሉ ላይ ሐይቅ አለ። አንበሳው ዙፋኑን ያደረገው በዚያ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ቦታው የደኑ ሁሉ መዲና ተባለ። ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ይሁንና እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ እንስሳትም አሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ለእነዚህ ነዋሪዎች የአንበሳው አባት አንድ መብት ሰጥቷቸው ነበር። በመካከላቸው በደል የሠራውን የሚከስላቸውን ዐቃቤ ሕግ ራሳቸው ይመርጣሉ። ደኑን ሁሉ የሚነካ ወንጀል ሲሆን ግን ከሳሹ የዙፋኑ ዐቃቤ ሕግ ነው። የትኛው ወንጀል ደኑን ሁሉ እንደሚነካ አባትየው ሳይናገር ሞተ። ለብዙ ዘመንም የጠየቀ አልነበረም።

ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ ነዋሪዎቹ የመረጡት ጃርትን ነበር። ጃርት ሥራውን ያከብራል፣ ቃሉን ይጠብቃል፣ ትንሽ ደረቅ ነው። የዙፋኑ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ቀበሮ ነበር። ቀበሮ አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ የልጆችን ሳይቀር የሁሉን ስም ያውቃል፣ ለመጣ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

አንድ ረፋድ ላይ ሚዳቋ ሁለት ግልገሎቿን፣ ሞላልኝንና ትርንጎን፣ ውኃ ልታጠጣ ወረደች። የዙፋኑ ዘብ አዛዥ ሻምበል ጅብም በዚያው በኩል ይመጣ ነበር። ሞላልኝ አንገቱን ደፍቶ እየጠጣ ስለነበር ዘወር ለማለት ዘገየ። ሻምበል አንገቱ ላይ ነከሰው። ግልገሉ ከጥርሱ አምልጦ፣ እየተንገዳገደ ውኃው ውስጥ ገባና እዚያው ወደቀ። ሻምበል አልበላውም እንኳ፤ ጠግቦ ነበር። ውኃውን ጠጥቶ ሄደ። ጎሽ፣ ኤሊና ሦስት ዝንጀሮዎች ቆመው ያዩ ነበር።

ሚዳቋ ትርንጎን ከፊቷ እየነዳች ጃርት ዘንድ ሮጠች።

“አቶ ጃርት፣ ልጄን ገደለብኝ።”

“ማን?”

“ሻምበል።”

የጃርት እሾህ ቆመ። “ያየ አለ?”

“ያላየ የለም።”

“እንግዲያው እከሰዋለሁ። እህቴ፣ የመረጣችሁኝ ለዚህ ነው።”

በማግስቱ ጃርት ሻምበልን ሊጠራ ሲነሣ ቀበሮ ቀድሞት ሐይቁ ዳር ቆሞ አገኘው። ቀበሮ እጅ ነሥቶ፣ “ወንድሜ፣ ይህ ጉዳይ የእኛ ነው” አለ። “ተከሳሹ የዙፋኑ አገልጋይ ነው። ሟቹም የሞተው ውኃው ውስጥ ነው። ውኃው ደግሞ የደኑ ሁሉ ነው።”

“የተነከሰው ደረቅ መሬት ላይ ነው” አለ ጃርት። “መሬቱ የኛ ነው።”

መለካት ጀመሩ። ሚዳቋን ጠርተው የት እንደተነከሰ፣ ስንት እርምጃ እንደሄደ፣ የፊት እግሩ ውኃውን ሲነካ ነፍሱ ነበረች ወይስ አልነበረችም እያሉ ጠየቋት። በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ወርዳ አሳየች። ሁለቱም በትሕትና አመሰገኗት። ክርክሩ እስኪያልቅ ሬሳው እንዳይነሣ ታዘዘ፤ በዚህ ላይ ሁለቱም ዐቃብያነ ሕግ ተስማምተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጥንብ አንሣዎች መጡ። እነሱ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አልጠየቁም። ሚዳቋ ከሩቅ ቆማ አየች፤ ትርንጎን ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረቻት።

ነገሩ አንበሳው ጆሮ ደረሰና ጉባኤ ተጠራ።

መጀመሪያ የተናገረው ቀበሮ ነው። “ግርማዊ ሆይ፣ መዲናይቱ የሐይቅ ዳር ነዋሪዎች ብቻ አይደለችም። ዘጠኝ ቀን ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ ውኃ ሲጠጣ ሊፈራ አይገባም። እንግዳው ጃርትን አልመረጠም። ታዲያ በማያውቀው ዐቃቤ ሕግ ደሙ እንዴት ይጠበቃል? በአንድ ደን ሁለት ከሳሽ ካለ፣ አጥፊው ከሁለቱ መካከል ሾልኮ ያመልጣል።”

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ እውነት ይመስል ነበርና።

ጎሽ ተነሣ። “የኛን በደል የሚያውቀው ከኛ ጋር የሚኖር ነው። ጃርት ቢያጠፋ እናወርደዋለን። ቀበሮ ቢያጠፋ ምን እናደርጋለን?”

ይህን ሲል ሽማግሌው ዝንጀሮ ከኋላ ጮኸ። “ጃርት አይደለም እንዴ አምና ከርከሮ የበቆሎ ማሳዬን ሲያወድም ‘ተራበ’ ብሎ የለቀቀው? እኔን ጠየቀኝ? እኔ አልተራብኩም? ቀበሮ ይሻለኛል!” ዝንጀሮዎቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ከርከሮዎቹ ተሳደቡ። ስለ ሻምበል የተነሣው ጉባኤ ስለ በቆሎ ሆነ። ሻምበል ከዙፋኑ በስተቀኝ ቆሞ ጸጥታ ያስከብር ነበር።

በመጨረሻ አንበሳው ሚዳቋን ጠራት። “አንቺስ ማን እንዲከስልሽ ትፈልጊያለሽ?”

“ግርማዊ ሆይ፣ ማንም ይሁን” አለች። “የሚከሰው ይሁን።”

አንበሳው ፍርዱን ተናገረ። “ከዛሬ ጀምሮ በመዲናይቱ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ሁሉ ለዙፋኑ ዐቃቤ ሕግ ይሆናል። አባቴ የሰጡትን መብት አልነካም፤ ነዋሪዎቹ ዐቃቤ ሕጋቸውን ይምረጡ። እሱም ሣርና ጭቃውን ይጠብቅ። የሚቃወም አለ?”

ጎሽ ሻምበልን አየ። ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች። ጃርት ሊናገር አፉን ከፍቶ ወደ ነዋሪዎቹ ዞረ፤ ዓይኑን ያየለት አልነበረም። ጸሐፊው “በሙሉ ድምፅ ጸደቀ” ብሎ መዘገበ።

እውነቱን ለመናገር ሚዳቋ በዚያ ቀን ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። አሁን የምትሄድበት በር አንድ ሆኗል።

ሄደችም። ቀበሮ ባያት ቁጥር ብድግ እያለ “የሞላልኝ እናት፣ ግቢ፣ ግቢ” ይላት ነበር። የልጇን ስም ሲጠራላት ታለቅሳለች። “ጉዳዩ በእጃችን ነው” ይላታል። ክረምቱ ገባ፤ ወጣ። ሜዳው አበባ አወጣ፤ ደረቀ። አንድ ቀን መቀመጫው ፊት ተንበርክካ አልነሣም አለች።

ቀበሮ ተነፈሰ። “እህቴ፣ እንግዲህ ልንገርሽ። ሻምበል የዘቡ አዛዥ ነው። እሱ ቢታሰር ዘቡ ያኮርፋል፤ ዘቡ ቢያኮርፍ ደኑ ይታወካል። የአንድ ግልገል ጉዳይ ከደኑ ሁሉ ሰላም አይበልጥም ብዬ ክሱን አንሥቼዋለሁ።”

“መቼ?”

“ጉባኤው በተበተነ ማግስት።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ስመላለስ ለምን አልነገሩኝም?”

“እንዳታዝኚ ብዬ ነው” አለ ቀበሮ። የሚያሳዝነው ግን ይህን ሲል ከልቡ መሆኑ ነበር።

ከዚያ ወጥታ ጃርት ዘንድ ሄደች። ጃርት መሬት መሬቱን እያየ ሁሉንም ሰማ። “ሥልጣን የለኝም” አለ። ከዚያ ቀና አለ። “የዚያን ቀን ሻምበል የመጣው በየት በኩል ነበር? ነዋሪዎቹ እንዳይረገጥ በከለከሉት ሣር ላይ ነው?”

“በሣሩ ላይ ነው።”

“ረግጦታል?”

“ረግጦታል እንጂ።”

ጃርት ሥራ ጀመረ። ምስክር ቆጠረ፤ ጎሽና ኤሊም ስለ ሣሩ ከሆነ እንመሰክራለን አሉ። ሻምበል የነዋሪዎቹን ክስ በሚሰሙት የሐይቅ ዳር ሽማግሌዎች ፊት ተጠርቶ እየሳቀ መጣ፤ እየሳቀም አመነ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ሣር በመርገጡ ሦስት ቀን ሐይቁ ዳር እንዳይደርስ ፈረዱበት። ጃርት ወደ ሚዳቋ ሮጠ።

“ተፈረደበት!”

“በልጄ?”

“በሣሩ” አለ ጃርት። ድምፁ ወረደ። “የቀረኝ እሱ ነው፣ እህቴ።”

እነዚያ ሦስት ቀናት ግን ይነገርላቸዋል። እንስሳቱ በየአፍታው ቀና ሳይሉ ጠጡ። የጦጣ ልጆች ውኃው ውስጥ ተንቦራጨቁ። “አያችሁ፣ ሕግ አለ” ያሉም ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ሚዳቋ ትርንጎን ይዛ ወረደች። ትርንጎ እናቷ “በቃሽ፣ እንሂድ” ሳትላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትረካ ጠጣች። ሚዳቋ የልጇ ሆድ ሲነፋ እያየች ቆመች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻምበል ጅብ ፍርዱን ጨርሶ መጣ። የጦጣ ልጆች ከውኃው ወጡ። ሻምበል መካከላቸው ቆሞ ሁሉንም በየተራ አያቸውና፣

“እንደምን አደራችሁ?” አለ።

“እንደምን አደሩ፣ ሻምበል?” አሉት። ጎሽም መለሰ፤ ጃርትም መለሰ።

ሚዳቋ ትርንጎን በሰውነቷ ከለለቻት። እሷም መለሰች።