ንግሥቲቱ ያቦካችው ጭቃ

በድሮ ዘመን፣ ቤት ሁሉ በጭቃ በሚመረግበት ጊዜ፣ አንዳርጌ የሚባል ቀጣፊ ሰው ነበረ። ቀረብ በሉ ልጆች። ይሄ አንዳርጌ ሲዋሽ ዐይኑን አያሽም። እናቱ የሞተች ለት እንኳ አገር ምድሩ ሲያለቅስ፣ እሱ የለቀስተኛውን አህያ ሲያሻሽጥ ነው የዋለው። እንባ የሚባል ነገር አያውቅም።

በዚያው አገር አንድ ቁጡ ንጉሥና አንዲት ንጽሕና የምትወድ ንግሥት ነበሩ። ጥላዬ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ታመመና ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ ንግሥቲቱ አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፣ እንቅልፍም አልወሰዳትም። የሐር ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሽቶ አመጡላት፤ ዝም። ወርቅ አመጡላት፤ ዝም። አዝማሪ አመጡላት፤ ዝም።

አንድ ቀን አንዳርጌ የንጉሡን በቅሎ ሲፈታ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ንግሥቲቱን ላድን ነው የመጣሁት።»

«በቅሎዬስ?»

«መድኃኒቱን ልጭንባት ነው።»

«እንግዲያው አድናት። ካላዳንካት ትሰቀላለህ።»

አንዳርጌ መድኃኒት ከየት ያውቃል? ሰው ሁሉ በሥራ ተጠምዶ እሱን የሚረሳበት ዘዴ ፈለገ፤ የመጣለት ጭቃ ነው።

«የመድኃኒት ቤት ይሠራላት» አለ። «ሚስማር አይግባበት፣ ነጋዴ ያመጣው ነገር አይንካው። መሬት የሰጠችው፣ ሲያረጅም መሬት መልሳ የምትቀበለው ብቻ ይሁን። ጭቃውን ንግሥቲቱ ራሷ በባዶ እግሯ ታቡካው።»

መኳንንቱ እርስ በርስ ተያዩ። ንጉሡ ግን ጨንቆታልና እሺ አለ።

በመጀመሪያው ቀን አፈር ተቆፈረ፣ ጭድ ተነሰነሰበት፣ ውሃ ፈሰሰበት። ንግሥቲቱን ደግፈው መሃሉ አቆሟት። አንዳርጌ በአጥሩ ሊሾልክ ሲል ሰዉ አጉረመረመ። ዞር ቢል፣ የንግሥቲቱ የእግር ጣቶች ጭቃውን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጉታል። «ምንድን ነው ነገሩ?» አለ በልቡ፣ ግራ ገብቶት። እዚያው ተገትሮ ሲያይ ዘበኛው ደረሰበት።

«ዳነች?» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ጭቃው ገና አልቦካም።»

በሁለተኛው ቀን እርጥብ ልጥ ተላጠ። ንግሥቲቱ ልጡን አሸተተችው። ከዚያ ማገሩን ማሰር ጀመረች፤ ገረዶቿ ሊቀበሏት ቢሉ አልሰጥም አለች። ማታ እንቅልፍ ወሰዳት። «ምንድን ነው ነገሩ?» አለ አንዳርጌ።

«ዳነች?» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ልጡ ገና አልደረቀም።»

በሦስተኛው ቀን ንግሥቲቱ በመዳፏ ትመርግ ጀመር። ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ አንዳርጌ በቅሎዋን ፈትቶ ጋለበ። ብዙም ሳይርቅ ከግቢው ትልቅ ጩኸት ተሰማ። «በቃ፣ ሞተች» አለና በቅሎዋን ገረፋት። ግን የማን በቅሎ ናት? የንጉሡ ናት። ዞራ ወደ ለመደችው ጋጣ ይዛው ገባች።

አንዳርጌ ገመድ ሲጠብቅ ንጉሡ ጢሙ በእንባ ርሶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። «አለቀሰች» ይላል፣ «ተናገረች» ይላል፣ ይስመዋል። አንዳርጌ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

ንግሥቲቱ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና መጣች። «ጭቃው ላይ ምን መድኃኒት ጨመርክበት?» አለችው።

ሊዋሽ አፉን ከፈተ። አንድም ውሸት አልመጣለትም። «ምንም የለበትም፣ እመቤቴ። ልጠፋ ብዬ ነው።»

ንግሥቲቱ እጇን አየች። «ጥላዬ በየማታው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመጣ ነበር» አለች። «እኔ ‹ሳይታጠብ እንዳይነካኝ› ስል ገረዶች ይዘውት ይሄዱ ነበር። ያንን ጭቃ አንድም ቀን አልነካሁለትም። ዛሬ በጣቶቼ መሃል ሲገባ ልጄ ደጅ የደረሰ መሰለኝ።»

ንጉሡም ግራ ገባው። «አሁን ይሄ ይሰቀል ወይስ ይሸለም?»

«በቅሎዋን ውሰድ» አለችው ንግሥቲቱ። «ጭድ እየጫንክ ሐዘን ወደገባበት ቤት ሁሉ ሂድ። ካዘነው ሰው ጋር አብረህ አቡካ፣ አብረህ ምረግ።»

ሽልማት ይሁን ቅጣት አንዳርጌ አልገባውም። ጭዱን ጭኖ ሄደ።

መጀመሪያ የደረሰው ልጇን የቀበረች አንዲት አሮጊት ቤት ነው። አብረው አቦኩ፣ አብረው መረጉ። እርጥቡ ጭድ ሲሸተው፣ እናቱ በዓል ሲደርስ ግድግዳ የምትመርግበት እጇ ትዝ አለው። እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አለችው አሮጊቷ።

«ጭቃ ዐይኔ ገባ» አለ፣ እንባው እየወረደ።

አሮጊቷ ጎኑ ቆማ መምረጓን ቀጠለች።

ልጆች፣ ቀጣፊ ሌላውን ያታልላል እንጂ የገዛ ሐዘኑን አያታልልም። አፍ እምቢ ያለውን ለቅሶ እጅና እግር ያወጡታል። ተረቴን እዚህ ላይ መርጌ ጨረስኩ። አሁን ወደየቤታችሁ ግቡ፤ እግራችሁን ግን እናታችሁን ካቀፋችሁ በኋላ ታጠቡ።