ተራሽ ነገ ነው

አንድ ጊዜ፣ ኧረ ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ጉድ ኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ውሃ በጠፋበት በጋ የቆላ አውሬዎች በአንዲት ምንጭ ላይ ተራኮቱ። ንጉሡ አያ አንበሶ ምንጯን በአጥር አሳጠረ፣ በርም አበጀላትና ቀበሮን ጠርቶ፣ «ተራ የሚያስጠብቅ ኮምፒውተር ሥራልኝ» አለው።

ቀበሮም ሠርቶ በሩ ላይ ገጠመው። በሩ ባለተራውን ስሙን ጠርቶ ያስገባል፤ ተራው ያልሆነውን ቀኑን ነግሮ ይመልሳል። «ከጆሮው እስከ ጭራው የእኔ እጅ ሥራ ነው!» እያለ ቀበሮ ተንጎራደደ።

ዘበኛው አያ ጅቦ ነበር። አንበሶ በጠጣበት ቀን ሥራ ፈታና ኮምፒውተሩን በሥጋ ፎቶ ሊሞላው ተነሣ። ቦታ የለም! የሚጣል ነገር ሲፈልግ ከሥር አንዲት ቁራጭ ጽሑፍ አገኘ፤ «ኤሊ የሠራችው» ይላል።

«ኤሊ ደግሞ ምን ትሠራለች!» አለና ድምጥማጧን አጠፋት።

በማግስቱ ተራው የእመት አህይት ነበር። ከወለደች ሦስት ቀኗ ነው፤ በጥም ጡቷ ደርቆ ውርንጭላዋ ያቃስታል። ሮጣ በሩ ጋ ብትደርስ፣ «ተራሽ ነገ ነው» አላት። በነጋታው መጣች። «ተራሽ ነገ ነው!» በሦስተኛውም ቀን፣ «ተራሽ ነገ ነው!» አያ አንበሶ ግን በየቀኑ «ይግቡ ጌታዬ» እየተባለ ሆዱ ከበሮ አክሏል። ንጉሥን ማን ይናገራል?

«እመት አህይት፣ ከጠማሽ ቤቴ ነይ» አላት ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«ይቅርብኝ አያ ጅቦ! አንተ ቤትማ ጠጪው ሌላ ነው።»

ወደ ቀበሮ በረረች። «በሩን አስተካክልልኝ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው!»

ቀበሮ ቢፈታታው ቢያገላብጠው ላብ አጠመቀው። «እውነቱን ልንገርሽ? በር መክፈቻው ነው የእኔ። ተራ መቁጠሪያውን ከጦጢት ወስጄ ነው።»

ጦጢት ብትጠየቅ፣ «እኔስ ብሆን መንጋቱን የሚያውቀውን ከቆቅ አይደል የቀዳሁት?» አለች።

ቆቅም፣ «እኔ መንጋቱን እናገራለሁ እንጂ ዛሬን ከትናንት አልለይም። እሱን ኤሊ ናት የምታውቀው» አለች።

«ኤሊ?» አለ ቀበሮ። «በእኔ ሥራ ውስጥ ኤሊ አለች እንዴ?»

አህይት ኤሊን ቁጥቋጦ ሥር አገኘቻት። «እትዬ ኤሊ፣ ዛሬን ከትናንት የምትለዪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሁለት መስመር ናት። የሚጠቀምባት አለ እንዴ?»

«ጫካው በሙሉ!»

ኤሊ ድንጋይ ልብሷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «መምጣቱንስ እመጣለሁ፤ ግን እስክደርስ ክረምት ይገባል።»

«ውጪ ጀርባዬ ላይ!» ብላ ተንበረከከች አህይት፤ አቧራውን እያቦነነች ጋለበች።

ኤሊ በሩ አንበሶ በጠጣበት ቀን ላይ ቆሞ መቅረቱን አይታ ሁለቱን መስመር መለሰቻቸው። ወዲያው በሩ፣ «እመት አህይት፣ ግቢ!» አለ። ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች! ወተቷ ሲመለስ ውርንጭላው ጡቷ ላይ ተለጠፈ፤ ጫካው እልልታውን አቀለጠው።

«እኔ እኮ ትንሽ ብትሆንብኝ ጊዜ ነው የጣልኳት» አለ ጅቦ፣ ምላሱ በጥም ተንጠልጥሎ።

«አንተ ጅል! ከእኔ ቀጥሎ ባለተራው አንተ አልነበርክም?» አለችው አህይት።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ሥራ ስማቸውን በማናውቃቸው ትንንሾች ላይ እንደሚቆምና ኤሊ ለጅቦ ያለችውን ሁልጊዜ ማስታወስ እንደሚበጅ ነው፦ «አያ ጅቦ፣ ከመጣልህ በፊት ማን እንደቆመበት ጠይቅ!»