ያገባ ይመታል

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የኮምቦልቻ ሰው ግማሹ ጥላዬ ሻይ ቤት ተጠቅጥቆ ነበር። ግማሹ ስል ያው እንደ ወሬ ነው፤ ግን የቦርከና ቡድን ደጋፊ ሆኖ የቀረ የለም፣ በተለይ የሸበተውና የተመለጠው። ወንበር ያጣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጧል፤ ሣጥን ያጣ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ጠፍቶ የኖረው ፊልም ተገኝቷል። ቦርከና ዋንጫ የበላበትን ጨዋታ ያን ጊዜ አንድ የፋብሪካ ፈረንጅ መካኒክ በካሜራው ቀርጾት ኖሮ፣ ፊልሙ መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ የማሽን ቀበቶ ጋር ተጥሎ ተገኘ። የቪዲዮ ቤቱ ኑርዬ አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ በፍላሽ አስገልብጦት መጣ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ጥላዬ የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የድሮ አጥቂ፣ ደግሞም ሁሉን አዋቂ ነው። ዳኛ ሲያፏጭ ምክንያቱን ከዳኛው በፊት የሚያውቅ፣ ዝናብ ሲዘንብ ራሱ ያዘዘው የሚመስለው ዓይነት ሰው። እጁም ጠበቅ ይላል። ሻይ ላይ ስኳር የሚጨምረው ራሱ ነው፤ ማንኪያዋ ከመድኃኒት ቤት የመጣች ነው የምትመስለው። ከሁሉ በላይ ግን የዚያች የዋንጫ ጎል ባለቤት ነው። ጎሏን በቀኝ እግሩ ከሩቅ ጠምዝዞ እንዴት እንዳገባት ያልተተረከለት ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ፣ ትናንት ተዛውሮ የመጣ መሆን አለበት።

ያቺ ጎል ደግሞ ጎል ብቻ አልነበረችም። የያኔው የቡድኑ አውቶቡስ ሹፌር ጋሽ ካሳዬ በቦርከና ፍቅር ያበደ ሰው ነበር። የዋንጫው ዕለት ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ «ለቦርከና ያገባ፣ ልጄን አልጋነሽን ያገባል!» ብሎ በሕዝብ ፊት ማለ። ወዲያው ጎሏ ገባች። ሕዝቡ ጥላዬን ተሸክሞ ከተማውን አዞረው፤ ጋሽ ካሳዬም በመሐላው ጸና። አልጋነሽም ብትሆን ከነጎፈሬው አልጠላችውም ነበርና ሠርጉ ተደገሰ፣ መልሱም ተበላ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አብረው አሉ።

ከኋላ ጥግ ላይ አንድ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው ይመር ነው። ይመርም በዚያ ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። እሱ እንደሚለው ከሆነ ጎሏን ያገባት እሱ ነው፤ ኳሷ ጉልበቱን ነክታ ገባች፣ እሱ ደግሞ ከግቡ ብረት ጋር ተላትሞ ራሱን ስቶ ጭቃው ላይ ቀረ። በማግስቱ ከክሊኒክ ሲወጣ ከተማው «ጥላዬ! ጥላዬ!» እያለ ይጨፍራል፤ ጋሽ ካሳዬ ቤት ሽማግሌ ተቀምጧል። «ኧረ እኔ ነኝ!» ቢል ማን ይስማው? «ተዉት፣ ጭንቅላቱን ተመትቷል» ተባለና ታለፈ። ጉልበቱም እንደተጎዳ ቀረ፤ የስፌት መኪናዋን የሚረግጠው በአንድ እግሩ ነው።

ሚስትም ሳያገባ ቀረ። ለምን ሲሉት ይስቃል እንጂ አይናገርም። ብቻ አልጋነሽ በሱቁ በር ስታልፍ መርፌው ጣቱን ይወጋዋል። ጥላዬም ይቺን ይዞለት፣ የጎል ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ፊት እንዲህ ይላል፦

«ይመር? እሱ እንኳን ጎል ሚስትም አላገባ!»

ሰው ይስቃል። ይመርም አብሮ ይስቃል፤ ግን ያቺ ሳቅ ሁልጊዜ ጉሮሮው ላይ ትቀራለች።

የዚያን ቅዳሜ ነገሩ ከሳቅ ያለፈ ነበር። በማግስቱ እሁድ የከተማው ሜዳ ታድሶ ይመረቃል፤ የመክፈቻዋን ኳስ ከድሮዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ይመታል። ማን ይምታ ሲባል ጥላዬ ዱላውን ይዞ ተነሳ።

«ክርክር አያስፈልገውም» አለ። «ደንቡ አጭር ነው። ያገባ ይመታል! የዋንጫዋን ጎል ያገባ፣ የነገዋን ኳስ ይመታል። ተስማማን?»

«ተስማማን!» ብሎ ቤቱ አጨበጨበ። ይመርም ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ።

አጠገቡ ያለው አበጋዝ ገርሞት «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» ቢለው፣

«ደንቡ ደስ ብሎኝ ነው» አለ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያቺን ኳስ መምታት ይፈልጋል። ለአንድ ቀን እንኳ፣ ለአንዲት ምት እንኳ፣ ከተማው ሙሉ እያየው «ለካ እሱ ነበር» እንዲል ይፈልጋል። ፊልሙ ካልመሰከረለት ደግሞ ሌላ ምስክር የለውም።

ኑርዬ ፍላሹን ሰካ። ድምፅ የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምስሉ ላይ ሁሌ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። ቢሆንም ቡድኑ ተሰልፎ ሲወጣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

«ኧረ ሜዳው! ያ ዋርካ እኮ ያኔ ነበር!»

«ቁምጣውን እዩልኝ በሞቴ! ይኼ ቁምጣ ነው ሙታንታ?»

«ያ ጎፈሬው ድፎ ዳቦ የሚያህለው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» አለ አበጋዝ መላጣውን እያሻሸ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ፀጉር የት ገባ?»

«ሚስቱ ትራስ ሞላችበት» አለ ይመር ከጥጉ።

ሳቁ ገና ሳያባራ ስክሪኑ ላይ በረኛው መጣ። ቀጭን ስለነበር ሽቦ ነበር የሚሉት። አምና ነው የቀበሩት። ሽቦ ተወርውሮ ኳሷን ከአየር ላይ ቀለባትና ተነስቶ ጭቃውን ከደረቱ እያራገፈ ወደ ካሜራው ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ እጁን አንስቶ ቴሌቪዥኑን ሰላም አለው፤ ማንም አልሳቀበትም። ይመርም ዓይኑን በእጅጌው ጠረግ አደረገ። ሽቦ በሕይወቱ ሳለ «ይመር፣ እኔ ከዚያኛው ጫፍ ሆኜ አላየሁም እንጂ አንተን አምንሃለሁ» ያለው ብቸኛ ሰው ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለ ጥላዬ ቶሎ ብሎ፤ ወሬ ከእሱ ሲርቅ አይወድም። ዱላውን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «አቁመው ኑርዬ! አሁን ልትመጣ ነው። የማዕዘን ምት ነው፤ ኳሷ ትሻማለች፤ እኔ ከሩቅ እመጣለሁ። ቀኝ እግሬን ብቻ እዩ! አልጋነሽ፣ አንቺም ነይ እዪ!»

አልጋነሽ የሻይ ትሪዋን እንደያዘች መጥታ ከፊት ቆመች። ኑርዬ ለቀቀው።

ኳሷ ተሻማች። አንዱ ዘሎ ሳታት፣ ሌላው ተንሸራተተ። ከመሀል አንድ ከሲታ ልጅ እግሩን አንስቶ ገባ፤ ኳሷ ጉልበቱን ነክታ ተፈናጠረችና መረቡ ውስጥ ገባች። ልጁ በሩጫው ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ሰው በላዩ ላይ ተከመረ። ልጁ ይመር ነው። ዓይነ ስውር ካልሆነ በቀር ይመር አይደለም የሚል የለም።

«ጥላዬስ የታለ?» አለ አበጋዝ።

«ያውልህ!» አለ አንዱ ከሣጥኑ ላይ እየተነሳ። «ከዳር! ገመዱ አጠገብ!»

ቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከስክሪኑ ጥግ፣ ሴቶቹ ከቆሙበት ፊት ለፊት፣ ዘጠኝ ቁጥር ለባሹ ጥላዬ ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ ቆሟል። በእጁ ሚዶ ይዟል። ጎፈሬውን እያበጠረ ነው።

ከዚያ ሕዝቡ ሲዘል ያያል። ዞር ይላል። መረቡን ያያል። ሚዶውን ይጥላል። መለያውን አውልቆ እያውለበለበ በሜዳው ይሮጣል፤ ሕዝቡም ገመዱን ጥሶ፣ መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ተሸክሞ ይሄዳል።

ከዚያ ከኋላ በኩል አንዱ «ቀኝ እግሩን አያችሁ?» ሲል ቤቱ ፈነዳ።

ጥላዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ አዋቂ ነውና ግን መልስ አያጣም። «ምን ያስቃችኋል? ኳስ ባታውቁ ነው እኮ! እሱ ስልት ይባላል። ተከላካይ እየሳብኩ ነው!»

«አጠገብህ ያለው እኮ ሸንኮራ ሻጭ ነው ጋሼ!» አለ ኑርዬ።

«ፊልሙም ተገልብጦ ነው የታጠበው! ግራና ቀኙ ተምታቷል!» አለ ጥላዬ።

«ሚዶውስ?» አለ ኑርዬ፤ ፊልሙን መልሶ ሚዶው አየር ላይ ሳለ አቆመው።

ጥላዬ ዱላውን መሬት ላይ መታ። ዙሪያውን አየ። አይታችሁ ከሆነ፣ አዋቂ ሰው መውጫ ሲያጣ መጀመሪያ ድምፁን ነው ዝቅ የሚያደርገው።

«እሺ» አለ። «እሺ፣ ይሁን። ግን ደንብ ደንብ ነው። ‹ያገባ ይመታል› ነው ያልነው፣ ሁላችሁም አጨብጭባችኋል። ፊልሙ የፈለገውን ይበል። ከእኔና ከይመር ያገባ ማነው? የእኔ ሚስት ይቺውና፣ ትሪ ይዛ ቆማለች! ይመር አግብቻለሁ ካለ ሚስቱን ያምጣና ያሳየና!»

አቤት ሰው! አሁን በጥላዬ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ዞሮ በይመር ሳቀ። «እውነቱን እኮ ነው!» ያለም አለ። «ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው» ያለም አለ። ይመር አያቸው። ጉልበቱን በዓይናቸው በብረቱ አይተውለት፣ ኳሷ ግን እንደዚያን ጊዜው በጭብጨባ ልትወሰድበት ነው። ያቺ የጉሮሮ ሳቁ መጣች። በዚህኛው ቀን ግን አልዋጣትም።

በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ጉልበቱ ቀጭ ሲል ቤቱ ሰማው።

«ጥላዬ ልክ ነው» አለ።

በጣቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ።

«ምን ያስዋሸኛል፣ እሱም አግብቷል። ልዩነታችን ትንሽ ናት። እኔ በጉልበቴ አገባሁ፤ እሱ በእኔ ጉልበት አገባ።»

የዚያን ጊዜ የሆነውን ሳቅ ጎረቤት ከተማ ሐርቡ ድረስ ሰምተነዋል የሚሉ አሉ። ሣጥኑ ተገለበጠ፣ አበጋዝ መስኮት ላይ በተንጠለጠለው ሰውዬ እግር ተጠምጥሞ አለቀሰ፣ ኑርዬ ሪሞቱን ጣለ። «ነገ ይመር ይመታል!» አለ አንዱ። «ይመር ይመታል!» አለ ቤቱ ሁሉ። ይመር ቆሞ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስሙን በጭብጨባ ሲጠራ ሰማና፣ የተጎዳውን ጉልበቱን መታ መታ አደረገው።

ጥላዬ ግራ ቀኝ ቢያይ የሚያድነው የለም። የቀረችው ሚስቱ ናት። አልጋነሽ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም፤ ስክሪኑ ላይ ሚዶው ገና ከአየር ላይ አልወረደም።

«አልጋነሽ!» አላት። «ምነው ዝም አልሽ? አንድ ነገር በያ!»

አልጋነሽ ትሪውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኑርዬ፣ እስቲ መልሰው።»

ኑርዬ ሪሞቱን ከመሬት አነሳ። «የት ድረስ ልመልሰው እታለም? እስከ ማዕዘን ምቱ?»

«አይ» አለች፤ «ከሠርጉ በፊት ድረስ።»