ጃርትና ወንዝ ያልተሻገረው አዋጅ

ድሮ ድሮ፣ ሐሜት ከነፋስ ቀድሞ በሚደርስበት አንድ አገር፣ አያ ጃርት የሚባል ጥፍሩ ያለቀ ሽማግሌ ነበር። ጥፍር ያለቀበት ጃርት ምን ቆፍሮ ይበላል? ራብ ሲጠናበት ከገዛ እሾሁ ነቅሎ፣ በልጥ አስሮ፣ እጀታ አበጀለትና ጎደሬውን ሳይሰብር ሙሉውን የሚያወጣ መቆፈሪያ ሠራ። ጉልበቱ ግን ደክሟል። ሌሎች እየቆፈሩበት ድርሻውን ካልሰጡት መሞቱ ነው።

ታዲያ እንዴት ያሳያቸው? አያ ጃርት እኮ ጥላውን እንኳ «ማን ላከህ?» የሚል ተጠራጣሪ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይልና መቆፈሪያው ላይ ይቀመጥበታል።

በዚያ አገር ደግሞ ወግ አለ። አዲስ ነገር የፈጠረ ሁሉ፣ ገበያ ሳያወጣው ዳኛው ዝሆን ዘንድ ቀርቦ አሠራሩን አንዲት ሳይደብቅ ይናገራል። ዳኛው ከዚያ በፊት ያልታየ መሆኑን አጣርቶ አሠራሩን በነጋሪት ያሳውጅለታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ፈጣሪው ፈቃድ የሠራ ወዮለት። አያ ጃርት ምስጢሬን ከሰጠሁ ምን ይቀረኛል እያለ ቢያመነታም፣ ሆድ አስገደደውና ተናገረ። ነጋሪቱ ተጎሰመ፣ የቆፈረ ሁሉ ድርሻውን አመጣለት፣ ጠገበ።

ዝሆኑ ግን ለብቻው ጠርቶ መከረው፦

«አያ ጃርት፣ የእኔ አዋጅ ወንዙ ጋ ያበቃል። ማዶ ገዢው ጉማሬ ነው፤ ክረምት ዞሮ ሳይመጣ እሱም ዘንድ አመልክት። እስከዚያ ቀዳሚነትህን ያከብርልሃል። ካለፈ የማንም ነው።»

ምክሩ ደግ ነበር፤ የወዲህ ማዶ ጎደሬ እየሳሳ፣ እርሻው ሁሉ ወዲያ ማዶ ነውና። አያ ጃርት ግን ይኼ ሰውዬ ሂድ ሂድ የሚለኝ ቤቴን ሊያስዘርፍ ነው ብሎ አሰበ። እንኮዬ ጦጢት መጥታ የማዶውን ቋንቋ አውቃለሁ፣ ልወክልህ አለችው። እሷንስ መጠርጠሩ ደግ ነበር። ግን እሷን ካላመንክ፣ አንተ ጃርት፣ ራስህ አትሄድም? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለና በሩን በእሾህ አጥሮ ተቀመጠ። በአዋጅ የተጠበቀውን ነገር፣ ሞኙ፣ ደግሞ በእሾህ ይጠብቃል።

ክረምቱ መጣ፣ አለፈም። የወዲህ ማዶ ጎደሬ ሲያልቅ አያ ጃርት ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ወንዙን ተሻገረ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ማዶ ያለው ሁሉ በእሱ መቆፈሪያ ይቆፍራል። ጉማሬ ፊት ቆመና ይህ የእኔ ሥራ ነው ብሎ አቤት አለ።

«ያንተ መሆኑን ማን ካደ?» አለው ጉማሬ። «ነጋሪቱ እዚህም ተሰምቷል። ጦጢት የእኔ ነው ብላ ብትመጣ አባርሬያታለሁ። አንተን ግን ክረምት እስኪገባ ጠበቅንህ። የት ነበርክ?»

«ቤቴን እየጠበቅሁ።»

«ከማን?»

አያ ጃርት ዞሮ ወደ እርሻው ዳር ወጣ። አንዲት ቆፋሪ አዘነችለትና ጎደሬ ወረወረችለት። በላው፤ ምን ያድርግ? ድርሻው ሳይሆን ምጽዋት መሆኑን ግን አውቆታል፣ እያለቀሰም ነው የበላው።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፣ እናንተ ደግሞ ለልጆቻችሁ አድርሱ፦ ጥርጣሬ ደጅ ይጠብቃል እንጂ ወንዝ አያሻግርም።