ዐሥራ ሦስተኛው ቅጠል

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላም አልወጣ አለ። ጤፉ ማሳው ላይ ተኛ። የተረፈውን በጥቅምት በረዶ መታው። ሠርግ ቀረ፤ ሠርግ ሲቀር አልጋ የሚያሠራ ጠፋ። ንዳድ ገብቶ ሕፃናት ወሰደ።

ዛሬ ሰዎች አንድ አባባል እየሳቁ ሲናገሩ እሰማለሁ። መነሻውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መነሻው ያ ክረምት ነው፤ ከዚያ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው።

በከተማችን እንጨት በቶርኖ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ደምለውና ሞላልኝ። ቶርኖ እንጨት እየተሽከረከረ በመሮ የሚላግበት መሣሪያ ነው። የእነሱ በስፌት መኪና እግር የሚረገጥ ነበር። ሱቆቻቸውን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

በዚያ ክረምት ደምለው ደረቅ እንጨት አለቀበት። ሞላልኝ አንድ ደረቅ የዋንዛ ግንድ አበደረው። ደምለው ከግንዱ አልጋ ሠራ፤ አልጋውን ቆላ ወርዶ በእህል ለወጠ፤ ቤተሰቡ ከረመ። በዚያው ሰሞን የሞላልኝ ልጅ ጥሩወርቅ በንዳድ ወደቀች። አባቷ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ደጅ ሄዶ ተሳለ። ልጁ ብትተርፍ፣ መጽሐፍ የሚነበብበት አትሮንስ በገዛ እጁ ሠርቶ ሊያገባ፤ በምሰሶው አንገት ዙሪያም ለዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት እኩል ቅጠል ሊቀርጽ። ልጅቱ ተረፈች።

እንዲህ ሁለት ዕዳ ተፈጠረ። ሁለቱም ዓመታት ቆዩ።

ሞላልኝ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በደምለው በር ብቅ ይላል።

«ግንዴስ?»

«እየደረቀች ነው።»

«በልተሃት የለም እንዴ? ሆድህ ውስጥ ነው የምትደርቀው?»

«ሆዴማ እርጥብ ነው። ሌላ ቦታ ነች።»

ሞላልኝ ይሳደባል፤ ደምለው መሮውን ይስላል። ሰዉ ሁሉ ግንዱ ቀልጦ ቀረ ብሎ ያምን ነበር።

ሞላልኝን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ አባ ልሳነወርቅ ይጠይቁታል። «ስለቱስ?» ይሉታል። «እንጨት እየመረጥኩ ነው አባ» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ክቡን ዐሥራ ሁለት እኩል ቦታ መክፈል አልሆንልህ ብሎታል። በክር ሞከረ፤ በዓይኑ ሞከረ። አንዱ ቅጠል ሲሰፋ ሌላው ይጠባል።

ጥሩወርቅ አደገች፤ ታጨች፤ ሠርጓ ለጥር ተቆረጠ። ገበዙ ሞላልኝን ከቅዳሴ በኋላ ያዙት።

«የስለት ልጅ ዕዳ ይዛ አትዳርም። ሐምሌ አምስት ንግሥ ነው፤ ከጥር በፊት ሌላ የለም። ልጅቱን ሳትድር ስለቱን አግባ።»

ሞላልኝ ፈራ። ስለት የሰጠውን መልሶ እንዳይወስድ ፈራ።

አጠገቡ ያለው ደምለው ይህን ሥራ ይችልበታል። አልጋ እግር ላይ የሚቀርጸው አበባ ቅጠሉ ሁሉ እንደ መንታ ነው። የሚከፍልበትን መሣሪያ ራሱ ነው የሠራው፤ ሰው ሲገባ ጆንያ ጣል ያደርግበታል። ሚስቱ ሞላልኝን «ለምን አትጠይቀውም?» አለችው።

«ግንዴን የበላ ሰው ፊት ቆሜ አስተምረኝ አልልም።»

አልጠየቀም። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዝም። ከዚያ መሮው ይፍቃል። እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዝም። መሮው ይፍቃል። ሞላልኝ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ቆመ፤ የግድግዳው ጭቃ ጉንጩ ላይ ታተመ። ሁልጊዜ አራት ነበር።

አንድ ቀን ጆንያው ተንሸራቶ ኖሮ በበሩ ሲያልፍ አየ። የብስክሌት ጥርስ ነው፤ ፔዳሉ ዘንድ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ክብ ብረት። ደምለው በቶርኖው ዘንግ ጫፍ ገጥሞታል። የተሰበረ የመጋዝ ምላጭ ጥርሶቹ ላይ ተኝቷል። ዘንጉ በእጅ ሲዞር ምላጩ ከጥርስ ጥርስ እየዘለለ ቀጭ ይላል፤ ሲቆምም ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንዳይነቃነቅ ይይዘዋል። ሌላ ነገር የለውም። ደምለው ጆንያውን መለሰ፤ ሞላልኝም ያላየ መስሎ ሄደ።

በቀጥታ የሄደው ብስክሌት ጠጋኙ ፈንታ ዘንድ ነው።

«የደምለው ዓይነት ጥርስ ስጠኝ።»

«የእሳቸው ትንሽ ነው ጋሼ። አሁን ያለኝ ከእሱ ተለቅ ይላል። ትንሹ እስኪመጣ ይጠብቁ።»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው። ትልቁን አምጣ።»

ገጠመው። የቀረችውን አንድ ደረቅ ግንድ ቶርኖው ላይ አሰረ። አራት ቀጭ፣ አንድ ቅጠል። አራት ቀጭ፣ አንድ ቅጠል። የመጨረሻው ቅጠል ከመጀመሪያው ጋር ግጥም አለ። ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። ሞላልኝ ምሰሶውን በቅቤ ወለወለው፤ በደምለው በር በኩልም ሁለት ጊዜ ተመላለሰ።

«አማረብህ» አለ ደምለው።

«ግንዴ ብትኖር ደግሞ ከዚህ ያምር ነበር።»

ከንግሡ በፊት ባለው እሑድ ምሰሶውን ለገበዙ አሳየ። ሰው ከበበ፤ ደምለውም መጥቶ ነበር። አባ ልሳነወርቅ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያዩት በጣታቸው ነው። የግራ አውራ ጣታቸውን አንዱ ቅጠል ላይ አኑረው «ጴጥሮስ» አሉ። በቀኝ ጣታቸው ቀጠሉ። «እንድርያስ፣ ያዕቆብ፣ ዮሐንስ፣» እያሉ ዞሩ። ዐሥራ ሁለተኛው ማትያስ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ጣቶች መገናኘት ነበረባቸው። አልተገናኙም። መካከል ላይ አንድ ቅጠል ተቀምጧል።

«ይኼ ማን ነው?»

ሞላልኝ አየው። «ጳውሎስ ይሆናላ፣ አባ።»

«ጳውሎስ ከዐሥራ ሁለቱ አይቆጠርም። የተሳልከው ስንት ነበር?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ይህን አከፋፈል ማን አስተማረህ?»

«ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

ሞላልኝ ደምለውን በጎን አየው። «ከግድግዳ» አለ።

«ጳውሎስም ሰምቶ ነው» አሉ ገበዙ፤ «እሱ ግን የሰማው ከሰማይ ነው። ስለትህ እንዳለ ነው ልጄ።»

ሰዉ ሳቀ። ሞላልኝ ምሰሶውን ታቅፎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ቅጠሎቹን ፍቆ እንደገና እንዳይቀርጽ አንገቱ ይቀጥናል። ደረቅ ግንድ የለውም። ዝናቡ ገብቷል፤ አሁን የተቆረጠ እንጨት ደርቆ ለንግሡ አይደርስም። ልጁ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደምለው በትከሻው ግንድ ተሸክሞ ገባ። በጭስ የጠቆረ ዋንዛ ነው። መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ግንድህ።»

ሞላልኝ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንኳኳው። እንደ ከበሮ ጮኸ።

«የት ነበረች?»

«ከምድጃው በላይ፣ ቆጥ ላይ። ያ ክረምት እንደወጣ ነው የቆረጥኳት።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት?»

«ያበደርከኝ ደረቅ ነው። እርጥብ ልመልስልህ?»

«ከደረቀች በኋላስ?»

ደምለው ከትከሻው ላይ ጥቀርሻውን አራገፈ። «ከዚያ በኋላማ ጠዋት ጠዋት መምጣትህን ለመድኩት።»

ሞላልኝ ግንዱን እንደገና አንኳኳው።

«ና» አለው ደምለው። ወደ ሱቁ ወሰደው፤ ጆንያውን ገፈፈ። «ቁጠር።»

ሞላልኝ ጥርሶቹን ቆጠረ። አርባ ስምንት ናቸው። ተመልሶ የራሱን ቆጠረ። ሃምሳ ሁለት። በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ የሰማሁት አራት ነው።»

«አራትማ ነው። ከስንት አራት? ያንን ግን ግድግዳው አይናገርም።»

«መስማቴን ታውቅ ነበር?»

«ጭቃው አፍንጫህ ሲገባ ታነጥስ ነበር።»

ደምለው ባለ አርባ ስምንቱን ጥርስ ፈቶ ሰጠው፤ መሮውን ግን አልነካለትም። ስለቱ በገዛ እጁ ነው የተባለው። ሞላልኝ ቀረጸ፤ ደምለው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን አየ።

ሐምሌ አምስት ቀን አትሮንሱ ገባ። አባ ልሳነወርቅ አውራ ጣታቸውን ጴጥሮስ ላይ አኑረው ዞሩ። ማትያስን ሲነኩ ሁለቱ ጣቶች ጎን ለጎን ሆኑ። ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል እልል አለች። ሞላልኝ ወደ ደምለው ዞሮ፣ ከልማዱ የተነሣ፣ «ግንዴስ?» ሊል ጀመረና ተወው። ደምለው በእጁ ወደ አትሮንሱ አመለከተው።

ባለ ዐሥራ ሦስቱ ምሰሶ አልተጣለም፤ የዕቃ ቤቱን በር እንዲደግፍ ተደረገ። ገበዙ ሲወጡ በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት፤ ሁለቱን ጎረቤታሞች አንድ ጊዜ አዩና እንዲህ አሉ፦ «በግድግዳ የሰሙት ሙያ፣ ዐሥራ ሦስት ያወጣል ሐዋርያ።»