ሕፃኑን አላሞቅም ያለው ውሃ

ተረቴ ከአመድ ሥር ናት፤ እፍ በሉላት።

ጭጋግ በተኛበት መንደር አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጧት ላይ ሕፃኑ ማልቀስ ተወ።

«አንጓችዬ፣ እግሩ በረዶ ሆነ። የሞቀ ውሃ፣ ቶሎ» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

ውሃው ጉልቻ ላይ በተጣደችው ድስት ውስጥ ነበር።

«አያ ውሃ፣ ወንድሜን አሙቅልኝ።»

«አላሞቅም» አለ ውሃው ሳይነቃነቅ። «እኔንስ ማን አሞቀኝ? ድስቷን ጠይቂ።»

«እመት ድስት፣ ውሃውን አሙቂልኝ፤ ውሃው ወንድሜን አላሞቅም አለ።»

«አላሞቅም። ሆዴን ዳስሺው፣ የመቃብር ድንጋይ ነው። እሳቱን ጠይቂ።»

«አያ እሳት፣ ድስቷን ላስልኝ፤ ድስቷ ውሃውን አላሞቅም አለች፣ ውሃው ወንድሜን አላሞቅም አለ።»

አመዱ ውስጥ አንድ ፍም ዓይኑን ገለጠ። «አልልስም፣ ርቦኛል። ከዘገየሽ ይቺንም ዓይኔን እከድናለሁ። እንጨቱን ጠይቂ።»

እንጨቱ በጨርቅ በተደፈነው መስኮት ሥር ተከምሯል።

«አያ እንጨት፣ እሳቱን አብላልኝ፤ እሳቱ ድስቷን አልልስም አለ፣ ድስቷ ውሃውን አላሞቅም አለች፣ ውሃው ወንድሜን አላሞቅም አለ።»

«አላበላም» አለ እንጨቱ፤ ከቅርፊቱ ውሃ ተንጠባጠበ። «ጭጋግ ጠጥቻለሁ። ፀሐይን ጠይቂ።»

አንጓች ወጣች። ውሻው አያት፤ አልጮኸም። እግሯ ሥር ጥላ አልነበረም። ፀሐይ እንደ ታወረ ዓይን ነጥታ ቆማለች።

«እመት ፀሐይ፣ እንጨቱን አድርቂልኝ፤ እንጨቱ እሳቱን አላበላም አለ፣ እሳቱ ድስቷን አልልስም አለ፣ ድስቷ ውሃውን አላሞቅም አለች፣ ውሃው ወንድሜን አላሞቅም አለ።»

 የፀሐይ ድምፅ ከአንጓች ጆሮ ሥር መጣ። «በየት ልግባ? መስኮቱን የደፈንሽው አንቺ አይደለሽ?»

አንጓች አንገቷን ደፋች። «እናቴ አራስ ናት። ምች እንዳይመታት ብዬ ነው።»

«ስሜን ምች አላችሁት። እናትሽን ጋቢ አከናንቢያት፤ ለኔ ግን ክፈቺልኝ።»

አንጓች ሮጠች። እናቷን አከናነበች፣ ጨርቁን መዘዘች። መጀመሪያ የገባው ጭጋጉ ነበር፤ ቀዝቃዛ ጣቱን ሕፃኑ ግንባር ላይ አሳረፈ። አንጓች መስኮቱን አልዘጋችም።

ከዚያ ፀሐይ ገባች። ፀሐይ እንጨቱን አደረቀች፣ እንጨቱ እሳቱን አበላ፣ እሳቱ ድስቷን ላሰ፣ ድስቷ ውሃውን አሞቀች፣ ውሃው ሕፃኑን አሞቀ። ሕፃኑም መንደሩ እስኪሰማ አለቀሰ።

«ተይው፣ ይጩህ» አለች እናቷ ከጋቢው ሥር፣ እያለቀሰች።

ደጅ ውሻው ጮኸ። አንጓች ብትወጣ፣ ጥላዋ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃት ነበር።

ተረቴ ሞቃለች፤ በገል ጭራችሁ ለጎረቤት ውሰዱ።