እንዳይነካ የተባለው መስመር

ተረት ልንገራችሁ፤ እንቅልፍ የያዘው ካለ ጎረቤቱ ይቆንጥጠው።

ደሴ ውስጥ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው ውብአለም እሁድ ታገባለች። «የልጄን ቀሚስ ከእኔ ሌላ ማንም አይሰፋውም!» ብለው ምለዋል። ጠርዙ ብቻ ሲቀር ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ አላቸው። ቢሞክሩ ጣታቸውን ወጉ፤ ደግመው ቢሞክሩ ያንኑ ጣት። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው።

መነጽር ቤት ሄዱ። «ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ተመርምረው የለ? የዓይንዎን ቁጥር ሳላይ አልሠራም» አለ ባለመነጽሩ።

ክሊኒክ ሄዱ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ዘነቡ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና፣ «እትዬ አንጓች፣ ቁጥርዎ ሰርቨር ውስጥ ነው፤ የሁላችንን ካርድ የያዘው ትልቁ ኮምፒውተር። እሱ ደግሞ ተዘግቷል» አለች።

እንግዲህ ሰርቨሩ ቁጥር አልሰጥም አለ፣ ባለመነጽሩ አልሠራም አለ፣ ክሩ አልገባም አለ፣ ቀሚሱም እንዳለ ቀረ።

«ማነው የዘጋው?»

«ኦዲተሩ።»

«የታለ? ላናግረው!»

መች ይነጋገርና! ኦዲተሩ ሰው አይደለም፤ ገና ዛሬ ጠዋት ሥራ የጀመረ ፕሮግራም ነው። ሰርቨር አዳዲስ ፕሮግራም የሚያወርድባቸው ማከማቻዎች አሉ፤ ኦዲተሩ የማከማቻዎቹን አድራሻ ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ያነባል። ያልተፈቀደ አድራሻ ካገኘ ሰርቨሩን ጥርቅም! ሻይ አይጠጣ፣ ዘመድ የለው፣ ልመና አይገባው።

ወይዘሮ አንጓች የኮምፒውተር ባለሙያውን ናሁሰናይን ያዙት። «የማይታወቅ አድራሻ የተጻፈባት አንዲት መስመር አግኝቶብን ነው እማማ» አለ።

«ታዲያ አጥፋዋ!»

«እንዴት አድርጌ? ከላዩ ‹እንዳይነካ፣ ወንድይራድ› ተብሎ ተጽፏል። ጋሽ ወንድይራድ እኮ ሥራ ያስተማሩኝ ናቸው! ሥራ አስኪያጁ ካልፈረሙልኝ አልሰርዝም።»

እንግዲህ ናሁሰናይ አልሰርዝም አለ፣ ኦዲተሩ አልከፍትም አለ፣ ሰርቨሩ ቁጥር አልሰጥም አለ፣ ባለመነጽሩ አልሠራም አለ፣ ክሩ አልገባም አለ፣ ቀሚሱም እንዳለ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገቡ። «እኔ የጋሽ ወንድይራድን ጽሑፍ የማስነካ ማን ነኝ? ክሊኒኩ በሙሉ ቀጥ ቢልስ?» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ መስመር እንደ አማት ተከብራ ኖራለች።

እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ አልፈርምም አሉ፣ ናሁሰናይ አልሰርዝም አለ፣ ኦዲተሩ አልከፍትም አለ፣ ሰርቨሩ ቁጥር አልሰጥም አለ፣ ባለመነጽሩ አልሠራም አለ፣ ክሩ አልገባም አለ፣ ቀሚሱም እንዳለ ቀረ። እሁድ ግን አልመጣም አላለም።

«ቆይ፣ እኚህ ሰውዬ ሞተዋል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አንጓች።

«ኧረ ደህና ናቸው! ጡረታ ወጥተው እዚሁ ሰፈር ናቸው።»

«ታዲያ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?»

«እንዴት ይጠየቃሉ? ነውር ነዋ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ወይዘሮ አንጓች በባጃጅ ከነፉ። ጋሽ ወንድይራድ ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ውኃ ሲያጠጡ አገኟቸውና ሁሉንም ነገሯቸው።

«እስካሁን አለች?!» ጋሽ ወንድይራድ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። «ኢንተርኔት ተቋርጦብን ከጎረቤት ኮሌጅ ኮምፒውተር ፕሮግራም ልናወርድ ለአንድ ቀን የጻፍኳት እኮ ናት! እስክጨርስ እንዳይነኩብኝ ብዬ። ያ ኮምፒውተር ከተጣለ ስንት ዓመቱ! አድራሻው ዛሬ ማን እጅ እንደገባ ማን ያውቃል? ኦዲተሩ እውነቱን ነው።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ስድስት ዓመት አንድ ሰው አልደወለልኝም» አሉ፤ ከፍቷቸዋል።

ስልካቸውን አነሱ። «ናሁሰናይ፣ አጥፋት! ሁለተኛ ደግሞ መጥተህ ጠይቀኝ፤ አልበላህም!»

ጋሽ ወንድይራድ ደወሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈረሙ፣ ናሁሰናይ ሰረዘ፣ ኦዲተሩ ከፈተ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን ሰጠ፣ ባለመነጽሩ ሠራ፣ ክሩ ሰተት ብሎ ገባ፣ ቀሚሱም ተሰፍቶ አለቀ። ክሊኒኩም ቀጥ አላለም።

እሁድ ጠዋት ወይዘሮ አንጓች የሙሽሪትን የአንገት ቁልፍ ሊቆልፉ ቀረብ አሉ። እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ምነው እማዬ? አላማረብኝም?»

«ውይ ልጄ! ለካ እንዲህ ታምሪያለሽ!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የምታዪኝ?»

«በግምት ነዋ!» አሉ እናቷ፣ መነጽሩን አውልቀው እንባቸውን እየጠረጉ።